የአርብ ተራዬ

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ሂልካ ዛሬም ደወለች። እህቴ ስትደውል ሰላም አትልም፣ ባለፈው ካቆመችበት ነው የምትቀጥለው። «ባሕሩ ከወጥ ቤቱ መስኮት ይታያል አልኩሽ አይደል? ከመኝታ ቤቱም ይታያል!» አለችኝ። እኔ ተኝቼ ባሕር አላይም አልኳት። ተናደደች።

ሜሪኒየሚ የሚባለው አዲስ ሰፈር፣ ከሄልሲንኪ ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር፣ እንደ ጉድ እየተገነባ ነው። ሂልካ እዚያ አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች አስይዛለች፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ። «የኔ» ያለችው እሷ ናት። መልሱን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ እንድንሰጥ ነው የነገሩን። ጃንዋሪ ላይ በረዶ አዳልጧት እጇ ከተሰበረ ወዲህ ብቻዬን መኖር ፈራሁ ትላለች። እውነቷን ነው። እሷ ባል የላትም፣ እኔም ባሌ ካውኮ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ሁለት አሮጊቶች በየቤታቸው አንዳንድ ድንች የሚቀቅሉበት ምክንያት የለም ትለኛለች።

እኔም እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ነፋሱ ይሆናል። ባሕሩ ዳር ነፋስ አለ።

አርብ፣ ማርች 7

ሳውና። ምድር ቤት ያለው የጋራ እንፋሎት ቤታችን በየሳምንቱ አርብ የኔ ተራ ነው፤ ሙቀቱ ግሩም ነበር። ጀርባዬ ፍትት አለ።

ስወጣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ አቶ ሃልሜ እንደ ወትሯቸው ምድር ቤቱ መተላለፊያ ላይ ቆመዋል፤ ፎጣቸው አንገታቸው ላይ፣ ባልዲያቸው በእጃቸው። የኔ ተራ ሲያልቅ የሳቸው ይጀምራል። «ሙቀቱ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ጥሩ ነው፣ ይግቡ» አልኳቸው። «አመሰግናለሁ።» አለቀ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ሜሪኒየሚን አየሁት። ገና ካፖርቴን አላወለቅኩም፣ ግን ሳልረሳው ልጻፍ።

መጀመሪያ ነገር ትራሙ አመለጠኝ። ልወጣ ስል ከፊት ለፊት የአቶ ሃልሜ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። በኛ አገር ደረጃ ላይ ከጎረቤት ጋር ፊት ለፊት መገጣጠም ማንም አይወድም፤ ስለዚህ እስኪወርዱ ከበሬ ጀርባ ቆምኩ። አይወርዱም። ጠበቅኩ። አይወርዱም! ለካ እሳቸውም የኔን ቁልፍ ሰምተው እኔ እስክወርድ ከበራቸው ጀርባ ቆመው ኖሯል። በሱፍ ካፖርት ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ማናችን ቀድመን እንደወጣን አልናገርም። ሂልካ ፌርማታው ላይ አፍንጫዋ ቀልቶ ጠበቀችኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ቁልፍ ጠፍቶብኝ» አልኳት።

ቤቱን የሚያሳየን ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። «አንቺ ቱኦቪ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ!» ይለኛል። በዚህ አገር እንግዲህ ሁሉም አንተ ነው፣ ሁሉም አንቺ ነው፤ ሐኪሙም፣ ሚኒስትሩም። አልቀየምም። በመሀል ጡሩንባ ጮኸ፣ ከዚያ ድማሚቱ ድም! ሲል መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። «ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት የሚሠራው እዚያ ነው» አለ ልጁ፣ ራሱ የፈነቀለው ይመስል እየኮራ።

መቼም እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ቦታው ያምራል። በረዶው ከዳር ዳር እየለቀቀ ውሃው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሕፃናቱ ጭቃ በጭቃ ሆነው በብስክሌት ይሯሯጣሉ። ሊፍቱ ሰፊ ነው፣ ደረጃው አያዳልጥም። ሂልካ የማይታጠፍላትን እጇን በክንዴ ውስጥ ሰክታ ስትሄድ፣ ትንሽ ሆና ትምህርት ቤት የማደርሳት ጊዜ ትዝ አለኝ።

በመጨረሻ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተው። ከመስታወት በር ጀርባ ቁም ሳጥን የምታክል ሳውና። «ይኸውልሽ፣ የራስሽ ሳውና! በፈለግሽ ቀን፣ በፈለግሽ ሰዓት። አንቺም ማንንም አትጠብቂ፣ አንቺንም ማንም አይጠብቅሽ!» አለኝ።

ሂልካ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ መደቡ ጠባብ ነው አልኩ።

አርብ፣ ማርች 14

ሳውና። ስወጣ መደቡን አጠብኩ፣ ባልዲውን ሞልቼ ጭልፋውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ እንፋሎት እንዲያወጡ የጋሉት ድንጋዮች ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ጨመርኩ። ለሚቀጥለው ሰው እንዲህ አድርጎ መውጣት ጨዋነት ነው። ማንም ቢሆን አደርግለታለሁ። የሚቀጥለው ሰው አቶ ሃልሜ መሆናቸው የኔ ጥፋት አይደለም።

«ሙቀቱ እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው፣ ይግቡ።» ዛሬ ጨመር አድርገው «ቀኑ ረዘመ» አሉ። እኔም «አዎ፣ ረዘመ» አልኳቸው። ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል።

አርብ፣ ማርች 21

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ የለም።

ሂልካን ሙቀት ለእጇ ጥሩ ነው ብዬ አብራኝ ሳውና እንድትገባ ጠራኋት። ደህና ሙቀት ተቀመጥን፣ ስለ እናታችን አወራን፣ ሳቅን። ስንወጣ አቶ ሃልሜ ቆመዋል። ያው የተለመደውን ተባባልን። ደረጃውን ስንወጣ ሂልካ የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ቆመች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ መንፈቅፈቅ ጀመረች።

«‹ይግቡ›? ‹ይግቡ› ነው ያልሽው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሰውየው ጎረቤትሽ ከሆነ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኔና ካውኮ እዚህ ስንገባ ነበሩ። ሃያ ሁለት መሰለኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ‹እርስዎ›! እኔ ፕሬዚዳንቱን እንኳ አንተ ነው የምለው።»

«ፕሬዚዳንቱን የት አግኝተሽው?»

«ባገኘው!»

ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት። ቤት ገብተን ሻይ እየቀዳሁ ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። የገባን ቀን አቶ ሃልሜ በር ከፍተው ያዙልንና «እርስዎ ይቅደሙ» አሉኝ። የድሮ አስተዳደግ ነው። እኔም በዚያው መለስኩ። አንዴ በእርስዎ ከተጀመረ ደግሞ ዝም ብሎ አንተ አይባልም። አንዱ «አንተ እንባባል» ብሎ ማቅረብ አለበት፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ስም መለዋወጥ አለ። ይሄንን የሚያቀርበው ደግሞ በዕድሜ ትልቁ ነው። አቶ ሃልሜ ይበልጡኛል። እናታችን እንደዚያ አይደል ያስተማረችን?

«እሱ እኮ ለሴትና ለሴት፣ ለወንድና ለወንድ ነው! ወንድና ሴት ሲሆኑ ሴቷ ናት የምታቀርበው። እሱንም እናቱ እንደዚያ ብላ ነው ያሳደገችው» አለች ሂልካ። ኩባያዋን ቁጭ አደረገች። «አይ ጉድ! አንቺ ትልቁ ያቅርብ ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ እሱ ሴቷ ታቅርብ ብሎ ይጠብቃል። ሁለታችሁም ጨዋ ሆናችሁ ልትሞቱ ነው።»

«እኔ ምንም አልጠብቅም።»

«ሠላሳ ዓመት ቲያትር ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀሽ ተዋንያኑ የረሱትን ቃል ሹክ ስትያቸው ኖርሽ። ለራስሽ አንዲት ቃል አቃተሽ? ለመሆኑ ስሙ ማነው?»

«ሃልሜ።»

«የራሱ ስም!»

በሩ ላይ «ኦ. ሃልሜ» ነው የሚለው።

ሂልካ መሳቋን ተወች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቱኦቪ፣ በዚህ ሰውዬ ምክንያት ነው እንዴ የማትሄጂው?» አለችኝ።

«ምን ቆርጦኝ! ማነው አልሄድም ያለሽ?»

ሰኞ፣ ማርች 24

ከሁለት ቀን ንዴት በኋላ ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ደወልኩ። ለመጠየቅ ብቻ። «እንደው ምናልባት ቤቱን ብለቅ የአርብ ተራዬ ለማን ይደርሳል?» አልኩት። ሂልካ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ሰውየው፣ «አንደኛ ፎቅ ያሉት ልጆች ሕፃን ይዘው አርብን ሲጠብቁ ኖሩ። በጣም ነው የማመሰግንሽ፣ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ» አለና ዘጋው።

እኔ እኮ ጠየቅኩ እንጂ ሰጠሁ አላልኩም!

መልሼ ልደውልለት ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ምን ልበለው? ልጆቹ ሰምተዋል፣ ተደስተዋል፣ ምናልባት ለሕፃኑ አነስተኛ ባልዲ ገዝተዋል። ከሕፃን አፍ ተራ ልነጥቅ ነው? አይ እኔ።

አርብ፣ ማርች 28

ቤት ታጠብኩ። ሻወር አለኝ፣ ንጹሕ ሰው ነኝ።

በዚያ ሰዓት ምን እንደምሠራ ጠፋኝ። ከምድር ቤት የሕፃን ሳቅ ይሰማል። ደስ የሚል ሳቅ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ቆሻሻ ልጥል ስል ደረጃው ላይ ወሬ ሰማሁና እስኪያልፉ ከበሬ ጀርባ ቆምኩ። የአንደኛ ፎቋ ልጅ ከላይኛዋ ሴትዮ ጋር ታወራለች።

«ሃልሜን ከሳውና ስንወጣ ቆሞ አገኘነው። ‹የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ታመዋል እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ ቤት ሊቀይሩ ነው፣ ተራቸውን ለኛ ለቀቁ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ባልዲውን ይዞ ወደ ላይ ተመለሰ። ሳይገባ።»

ሳይገቡ። ልጆቹ ውሃ አብዝተው ድንጋዮቹን አቀዝቅዘውባቸው ይሆናል። ወጣት ሰው ሳውና አያውቅበትም። ለሚቀጥለው ሰው አያስብም።

ቆሻሻውን ሳልጥል ቀረሁ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ሂልካ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት መጋረጃ መርጣለች። ሰማያዊ። ደስ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስብራቱ ወዲህ እጇን ረስታ ስታወራ አየኋት። ቆንጆ ነው አልኳት። ቆንጆም ነው።

ካውኮ ቢኖር ምን ይል ነበር? «አንቺ የፈለግሽውን» ይል ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚለው፣ እኔም ሁልጊዜ የምፈልገውን ሳላውቅ እናደድበት ነበር።

አርብ፣ ኤፕሪል 11

ሻወር። ሙቀቱ ናፈቀኝ።

ሙቀቱ ነው።

እሁድ፣ ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ሂልካ ቤት በላን። የፋሲካውን ጥቁር ገንፎ ክሬም አድርጋ ሁለቴ አቀረበችልኝ፣ ሁለቴ ተውኩት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ ግን ምንም አላለችም። ሂልካ ምንም ካላለች ነገር አለ ማለት ነው።

በየካርቶኑ ላይ «ሜሪኒየሚ» ብላ ጽፋለች። ለኔም ባዶ ካርቶኖች ሰጠችኝ፣ በትራም ይዣቸው መጣሁ። ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል። ማታ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ጉልበቴን መቱኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

በሬ ተንኳኳ። ደወል አለኝ፣ ግን ተንኳኳ። በዚህ ሕንፃ ሰው ሳይቀጣጠር የማንንም በር አያንኳኳም፤ ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብዬ እየሮጥኩ ከፈትኩ።

አቶ ሃልሜ። ኮት ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል። የመጡት ከሁለት እርምጃ ላይ ነው!

«ካስቸገርኩ ይቅርታ» አሉ። ካርቶኖቹን አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «መሄድዎን ሰምቻለሁ። የአርብ ተራዎንም ለቀዋል አሉኝ።»

«አዎ… ማለት… አዎ።»

«የኔ ተራ ለአንድ ሰው ይበዛል። እስኪሄዱ ድረስ ለሁለት ብንካፈለው ብዬ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ መጀመሪያ እኔ እገባለሁ፣ አሙቄ፣ አጣጥቤ እወጣለሁ፣ ከዚያ እርስዎ ይገባሉ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስከ ዛሬ ሲያሞቁልኝ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ባልዲውንም ሞልተው።»

ባልዲውን አውቀውታል።

እኔ ምን አልኩ? እኔ፣ ቱኦቪ ራይታላ፣ ሠላሳ ዓመት ለሌላው ቃል ሳቀብል የኖርኩት ሴት፣ «አስብበታለሁ» አልኩ። አስብበታለሁ! ለቤት ሻጩ ልጅ የምለውን! እሳቸው ጎንበስ አሉ፣ «እንዴታ» አሉ፣ ሁለቱን እርምጃ ተመልሰው በራቸውን ዘጉ።

ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ካርቶኑ ተደረመሰ።

አርብ፣ ኤፕሪል 25

አስብበታለሁ ብዬ እንዴት ዝም ብዬ እወርዳለሁ? አልወረድኩም።

ከሳውና ሲመለሱ እርምጃቸውን ሰማሁ። በሬ ፊት ሲደርስ ቆመ። እኔም ከዚህ ቆሜያለሁ፣ እጄ እጀታው ላይ ነው። ከዚያ በራቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 27

ለሂልካ ነገርኳት። አልሄድም አልኳት። ነፋሱን አላነሳሁም።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ለግማሽ የሳውና ተራ እህትሽን ሸጥሽ» አለችኝ። «ብወድቅስ? አሁንም ብወድቅስ ማን ያነሳኛል?» ላቅፋት ስል እጄን ገፋችው፣ በዚያ በታመመው እጇ። አመማት። እኔንም አመመኝ።

ሰማያዊው መጋረጃ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፣ የሷም የኔም። ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ስልኬ ጮኸ።

«ስሙን ጠየቅሽው?» ሰላም የለ፣ ምን የለ።

«አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያው ምንም አልወሰንሽማ! እኔን ለምን አስለቀስሽኝ?» አፍንጫዋን ጠረገች። «ስሚ። እኔ እሄዳለሁ። ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ አንቺ ስለቀረሽ አልተወውም። ሊፍቱም ደህና ነው፣ የታች ፎቋም ሴትዮ ነርስ ናት አሉ። እሁድ እሁድ ትመጫለሽ። ድንችሽን ይዘሽ።»

«እሺ።»

«በየቀኑ ጠዋት ትደውያለሽ። ካላነሳሁ ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ።»

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለችና ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30፣ የቫፑ (የሜይ አንድ) በዓል ዋዜማ

ሄደን መልሳችንን ሰጠን። የሷ አዎ፣ የኔ አይ። ልጁ፣ «ቱኦቪ፣ ይቆጭሻል!» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ከሂልካ ግድግዳ ማዶ አሁን የማላውቀው ሰው ይገባል፣ ብትወድቅ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ይሄን ሳስብ ይቆጨኛል፣ ወደፊትም ይቆጨኛል። አውቄ ነው የገባሁበት።

ትራሙ ለበዓሉ ነጭ ቆብ ባጠለቁ ተማሪዎችና በፊኛ ተሞልቷል፣ ሁሉም ይዘፍናል። ሂልካ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ አንዱ ተማሪ የሰከረች መስሎት «እናቴ፣ እንኳን አደረሰሽ!» አላት። እሷም እንባዋን ሳትጠርግ «እንኳን አብሮ አደረሰህ!» አለችው። ሁሉንም አንተ ማለት ለሷ እንዴት ቀላል ነው።

አርብ፣ ሜይ 2

ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። ፎጣዬን አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ አጠፍኩ። ጠዋት ለሂልካ ስደውል፣ «አሁን ምንም እንዳትዪኝ፣ ስሙን ማታ ነው የምትነግሪኝ» አለችኝ።

የሳቸው ሰዓት እኩሌታ ሲሆን ወረድኩ። መተላለፊያው ላይ፣ እሳቸው ሁልጊዜ የሚቆሙበት ቦታ ቆምኩ። ከዚያ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። መብራቱ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ወለሉ ይበርዳል፣ ከበሩ ስር የሚመጣው ሙቀት እግር ላይ ብቻ ይደርሳል። እዚህ ቆመው ነው ለካ የሚጠብቁት። የእኔ የመጨረሻ ጭልፋ ውሃ ድንጋዩ ላይ ቸስ ሲል ከዚህ ይሰማል። አሁንም ተሰማ። ቀጥሎ ባልዲ ሲሞላ ሰማሁ።

በሩ ተከፈተ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ፀጉራቸው ቆሟል። ሲያዩኝ እንደመደንገጥ አሉ። የምጠይቀው ጥያቄ አፌ ላይ ነበር፣ የሳቸው ጥያቄ ነው፣ ከንፈሬም ተከፍቷል፣ ግን እጄ ቀደመኝ። ተዘርግቶ አየሁት።

«አልሄድም» አልኩ። «ቱኦቪ እባላለሁ።»

ባልዲያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ጊዜ ወሰደባቸው። እጃቸው ትኩስና እርጥብ ነበር።

«ኦስሞ» አለኝ።

ማንኛችንም እጃችንን አልለቀቅንም። አንድ ሰው የሆነ ነገር ማለት ነበረበት፣ የሚቀጥለውን ቃል ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ፣ እሱ ሲለው ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

«ሙቀቱ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለኝ ኦስሞ። «ግቢ።»